ዘጠና አራት ላይ የቆመው ሚዛን

ባለፈው ሰኞ የሚዛን ክፍሉን ቁልፍ አስረከብኩ። የርክክብ ቅጹ ላይ የተጻፈው ይህ ነው፦ ቋሚ ሚዛን አንድ፣ የሕፃናት ተንጠልጣይ ሚዛን አንድ፣ የእንጨት በርጩማ አንድ፣ የካርድ ሣጥን ሁለት። ቅጹ ላይ ያልሰፈረ ነገርም አለ፤ አናቱ ላይ ቀለበት ያለው፣ አሥር ኪሎ የሚመዝን ድፍን ብረት። የመንግሥት ንብረት ስላልሆነ ለምትተካኝ ሠራተኛ በቃል ነው ያስረከብኳት። «በየጠዋቱ ከሰው በፊት እሱን መዝኚ» አልኳት። «ለምን?» አለችኝ። ለምን እንደሆነ መንገር ጀመርኩና ግማሽ ቀን ወሰደብኝ፤ እንዲያም ሆኖ አልጨረስኩትም። የቀረውን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ «የሥራ ዘመኔ» ማለቴ ያስቅ ይሆናል። ነገር ግን ከአሥራ ስምንት ዓመቴ ጀምሮ የሠራሁት አንድ ሥራ ነው፤ መመዘን። በመጪው ወር ጤና ረዳት ለመሆን ትምህርት ቤት እገባለሁ። እንግዲህ አንድ ሥራ አለቀ ማለት ነው፤ ያለቀ ሥራ ደግሞ ሳይረሳ ቢጻፍ ይሻላል።

የመጀመሪያ ምድቤ ቆላ ድባ፣ የመንግሥት እህል መጋዘን ነበር። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ከዚያ በላይ የሚያስተምረኝ አጥቼ ስዞር ነው የተቀጠርኩት። ገበሬው ጤፉንና ሽንብራውን በአህያ ያመጣል፤ እኔ ሚዛኑን አያለሁ፤ ጸሐፊው ይመዘግባል። እዚያ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ ጆንያውን መቀነስ። ባዶ ጆንያ ኢምንት ይመስላል። ዝናብ የመታው ጆንያ ግን ሌላ ነው። እኔ ከእያንዳንዱ ጭነት ላይ ጆንያውን ለብቻው እየመዘንኩ ስቀንስ የመጋዘኑ ሹም «አንተ ልጅ፣ እስከ ማታ ልታቆመን ነው?» እያለ ይቆጣ ነበር። አላቆምኩም። ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም ትክክል መሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ሁለተኛው ምድቤ አይከል ነው፤ ጤና ጣቢያ። ያ ጊዜ ዝናብ የቀረበት ጊዜ ነበር። ሕፃናቱን በጨርቅ ቋጥረን ተንጠልጣዩ ሚዛን ላይ እንሰቅላቸዋለን። መቶ ግራም ሲጨምር እናትየው እጄን ትስም ነበር። ሳይጨምር ሲቀር ደግሞ የሚዛኑን መርፌ ሳይሆን እኔን ታየኛለች፤ ያጎደልኩባት እኔ የሆንኩ ያህል። እዚያ ሳለሁ አንዲት የውጭ አገር ነርስ ስትሄድ ትታው የሄደች ሽፋኑ የተገነጠለ የምግብና የጤና መጽሐፍ አገኘሁ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለነበር መዝገበ ቃላት ተውሼ በቀን አንድ ገጽ አነብ ነበር። አንዳንድ ቀን ግማሽ ገጽ። በሁለት ዓመት ጨረስኩት፤ ከዚያም ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

ከዚያ ወደ ጎንደር ተዛወርኩ። ከፒያሳ ወረድ ብሎ ባለው ጤና ጣቢያ በየማክሰኞው ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች ይመጡ ነበር፤ አስተማሪዎች፣ የቢሮ ሠራተኞች፣ ነጋዴዎች፣ ካህናት። እዚህ ነገሩ ሁሉ ተገላቢጦሽ ነው። ኪሎ ሲወርድ ደስ ይላል፣ ሲወጣ ሰው ያፍራል። እውነቱን ልናገር፤ እኔ ቶሎ አልተገላበጥኩም። የአይከል ሕፃናት ክንድ ከዓይኔ ሳይጠፋ «ውፍረት በዛብኝ» የሚል ሰው ሲመጣ ውስጤ ይቆጣ ነበር። በአፌ አላወጣሁትም።

ሥራውን ያስተማሩኝ አያ ፈንታ ናቸው። የጭልጋ ሰው፣ በንጉሡ ጊዜ የጦር ሠራዊት ድሬሰር፣ ማለትም ቁስል አጣቢ፣ የነበሩ፣ አጭር፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ ሽማግሌ። አሥር ኪሎው ብረት የእሳቸው ነው። በየጠዋቱ እጃቸውን ታጥበው ብረቱን ሚዛኑ ላይ ያስቀምጣሉ፤ አሥር ካለ ያነሣሉ፣ አሥር ካላለ ሥራ የለም፤ የሚዛኑን ብሎን እስኪያስተካክሉ ሰው ይጠብቃል። የሰው ኪሎ ጮክ ብለው አይጠሩም። «ኪሎ ገመና ነው» ይላሉ። ካርዱ ላይ ይጽፉና ካርዱን ወደ ሰውየው አዙረው ያሳያሉ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ሰውን «ምን በላህ?» ብለው አይጠይቁም። «ትናንት የት ዋልክ?» ነው የሚሉት። «ከትናንት በስቲያስ?» ሰውየው ስለ ገበያው፣ ስለ ልቅሶው፣ ስለ ቀበሌ ስብሰባው ይተርካል፤ እሳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጣሉ፤ ውጭ ያለው ሰልፍ ይረዝማል።

የማክሰኞውን ሥራ ለእኔ ሲለቁልኝ መጀመሪያ የተውኩት ይህን ጥያቄ ነው። በቦታው በማስመሪያ ያሰመርኩት ደብተር አዘጋጀሁ፤ ቁርስ፣ ምሳ፣ መክሰስ፣ ራት። እያንዳንዱ ሕመምተኛ በየዓምዱ የበላውን ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ሰልፉ አጠረ። ኃላፊያችን ደብተሩን አገላብጠው «ጥሩ ነው፤ በዕቅዱ መሠረት በሩብ ዓመት ስንት ኪሎ እንዳወረድን ድምሩን ስጠኝ» አሉኝ። የወረደ ኪሎ እንደ ተመረተ እህል ተደምሮ ወደ በላይ አካል ተላከ።

መሪጌታ ጥበቡ የመጡት በኅዳር አጋማሽ ነው። ቁስቋም ተቀምጠው አቋቋም የሚያስተምሩ፣ ከተማው ሁሉ «የኔታ» የሚላቸው ሰው ናቸው። ጥምጣማቸውን ፈትተው በርጩማው ላይ አስቀመጡ፣ ካባቸውን አወለቁ፣ መቋሚያቸውን ግን እንደያዙ ሚዛኑ ላይ ወጡ።

«የኔታ፣ መቋሚያውን ያስቀምጡት» አልኳቸው።

«እሱም ከአካሌ ነው።»

«አንድ ኪሎ ይጨምርብዎታል።»

«እንግዲያ ውሰደው፤ የሚጨምርብኝስ ሞልቷል» አሉና ሰጡኝ።

መቶ አንድ ኪሎ ነበሩ። ችግራቸው እምብርታቸው ላይ የወጣ እበጥ ነው። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲያዜሙ ይገፋል፣ ያማል። በኅዳር ስድስት፣ የቁስቋም ዓመታዊ በዓል ዕለት፣ ሃያ ዓመት የመሩትን ማኅሌት ሊመሩ ቆመው መሐል ላይ ሕመሙ አስቀመጣቸው። ሌላ ሰው ተነሥቶ ቀጠለ። ሆስፒታል ሄደው ቀዶ ሐኪሙ ሲያያቸው «እስከ ሰማንያ አምስት ካልወረዱ ስፌቱ አይይዝም፤ ሲወርዱ ይምጡ» አላቸው።

«በዚህ ዘመን ሥጋ በዛብኝ ብሎ ሐኪም ቤት መምጣት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ ልጄ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ግን የሚመጣው ኅዳር ስድስት ቆሜ እንድውል እፈልጋለሁ። ሁለተኛ ከተቀመጥኩ አልነሣም።»

የነገርኳቸውን ሁሉ አደረጉ። ሦስት እንጀራ የነበረው ራት አንድ ተኩል ሆነ። ከቀበሌ ሱቅ በካርድ የሚደርሳቸውን ስኳር ለጎረቤት ሰጡ። ከቁስቋም ፒያሳ ድረስ በየጠዋቱ በእግራቸው መሄድ ጀመሩ። መቶ አንድ የነበረው ዘጠና ዘጠኝ፣ ዘጠና ሰባት፣ ለጥምቀት ዘጠና አራት ሆነ። ካርዱን ባዞርኩላቸው ቁጥር «ተመስገን» እያሉ ጣሪያውን ያያሉ።

ከጥምቀት በኋላ ሚዛኑ ቆመ። ማክሰኞ ዘጠና አራት። በሚቀጥለው ማክሰኞ ዘጠና ሦስት ተኩል። ከዚያ ዘጠና አራት። ከዚያም ዘጠና አራት ከሩብ። አምስት ሳምንት። ብረቱን ደጋግሜ መዘንኩት፤ አሥር ነው።

መጽሐፌን አወጣሁ። የቀለለ ሰውነት የሚያወጣው ጉልበት ያንሳል፣ ስለዚህ ትናንት ያከሳ ምግብ ዛሬ ባለበት ያቆማል ይላል። ደስ ብሎኝ ለአያ ፈንታ ነገርኳቸው።

«እርግጥ ነው» አሉ። «መቶ አንድ ኪሎ ተሸክሞ ፒያሳ የሚወጣና ዘጠና አራት ተሸክሞ የሚወጣ እኩል አይደክምም። መንገዱንም እግራቸው ለምዶታል። ግን የት እየዋሉ ነው?»

«የሚበሉትን አውቃለሁ፤ ደብተሩ አለ።»

«የበሉትን መቼ ጠየቅኩህ?» አሉና ወደ ቁስል ማጠቢያ ክፍላቸው ሄዱ። ሽማግሌ ወግ ይወዳል ብዬ አለፍኩት።

ከሁዳዴ በፊት በነበረው ማክሰኞ የኔታ ሚዛኑ ላይ ቆመው ካርዱን ሳዞርላቸው ፊታቸው ጠቆረ። እኔም ትዕግሥቴ አልቆ ነበር።

«የኔታ፣ እውነቱን ይንገሩኝ» አልኩ። «ከጻፍነው ሌላ የሚበሉት አለ?»

«የለም።»

«ሚዛን አይዋሽም።»

መቋሚያቸውን ከግድግዳው አንሥተው ረጅም ጊዜ አዩኝ። «እኔስ?» አሉ።

ካርዱን ወደ ሣጥኑ መለስኩ። ያ መልስ እንደሆነ ሁለታችንም አውቀናል። ከዚያ በኋላ ያዘዝኩት በቁጣ ያዘዝኩት ነው፤ ከጾሙ መፍቻ በኋላ ያለው ምሳ ይቅር፣ ራት አንድ እንጀራ ብቻ፣ የምስር ወጥ ሁለት ጭልፋ። ጾሙ ስንት ሰዓት እንደሚያስቆማቸው፣ በሁዳዴ ስንት ሰዓት ቆመው እንደሚያዜሙ አልጠየቅኩም። አያ ፈንታንም አላማከርኩም።

መጋቢት አራት ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሁለት ዲያቆናት የኔታን ደግፈው አመጧቸው። ቅኔ ማኅሌት ቆመው ሳለ ዓይናቸው ጨልሞ ወድቀዋል። ቅንድባቸው ተፈንክቶ ነጭ ነጠላቸው በደም ርሷል። አያ ፈንታ በስኳር የተበጠበጠ ውሃ አጠጧቸውና አምስት ቦታ ሰፏቸው፤ እኔ ፋሻውን አቀብል ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ አበበች አጠገቤ ቆመዋል።

«ይኸነው ማለት አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እሜቴ።»

«ምነው ልጄ! ሰው በረሃብ ይድናል ብሎ ማን አስተማረህ?»

የኔታ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ተይው» አሏቸው። «ያዘዘኝን ነው ያደረግኩት።»

ከዚህ በኋላ ማክሰኞ ሲመጣ የኔታ አልመጡም። በሚቀጥለውም አልመጡም።

 በሁለተኛው ማክሰኞ ማግሥት ጠዋት አያ ፈንታ ብረቱን እንደ ልማዳቸው ሚዛኑ ላይ ከማድረግ ይልቅ እኔን አሸከሙኝና «ውጣ» አሉኝ። ወጣሁ።

«ስንት ነህ?»

«ስልሳ ስምንት።»

«ሃምሳ ስምንት አልነበርክም እንዴ? ዋሸህ?»

«ብረቱን ይዤ እኮ ነው፣ አያ ፈንታ።»

«ሸጋ። ሚዛኑም አልዋሸም፣ አንተም አልዋሸህም» አሉ። «የያዝከውን የሚጠይቅህ ሰው ነው የጠፋው።»

ጆንያ ሲቀንስ ያደገ ሰው ነኝ። ይህንን መስማት ለእኔ ከስድብ በላይ ነበር። ሆኖም የኔታ ምን ይዘው ሚዛኑ ላይ እንደሚወጡ አሁንም አላወቅኩም።

ፋሲካ አለፈ። ግንቦት አሥራ ሁለት ቀን አያ ፈንታ «ዛሬ ሥራችን እስከ ስድስት ሰዓት ነው፤ ከዚያ ሄደን የኔታን እንጠይቃቸዋለን» አሉኝ። ይቅርታ ለመጠየቅ እንደምንሄድ ገባኝ። የክብደቱን ደብተር ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ባዶ እጄን መሄድ ፈርቼ ይሆናል።

ዕለቱ የሚካኤል ነው። የቀሐን ወንዝ ከመሻገራችን በፊት አንድ ቤት በር ላይ አያ ፈንታን የሚያውቁ ሰው ቆመው «እንዴት ሚካኤልን ረግጣችሁ ታልፋላችሁ? ግቡ!» አሉን። ዝክር ነው። ካህኑ ዳቦውን ባርከው ቆርሰው አደሉ፣ ጠላ ተቀዳ። በልተን፣ ጠጥተን፣ መርቀን ወጣን። ወንዙን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ሌላ ቤት። ቁስቋም ልንደርስ ስንል ደግሞ ሦስተኛ ቤት። ጸበል ጸዲቅ እምቢ አይባልም። የሰጡኝን ሁሉ በላሁ።

የኔታ መደብ ላይ ጋደም ብለው አገኘናቸው። ቅንድባቸው ላይ ጠባሳው ቀይ ሆኖ ይታያል። ሲያዩኝ «አቶ ሚዛን መጣ!» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቂም አልነበረም፤ እሱ ነው ያስጨነቀኝ።

«የኔታ፣ በድያለሁ። ዋሽተውኛል ብዬ አስቤ ነበር» አልኩ።

«አሰብክ ብቻ? አልከኝ እንጂ!»

«አልኩዎት። ይፍቱኝ።»

«መፍታት የካህን ነው። እኔ ግን ይቅር ብዬሃለሁ። ተቀመጥ።»

ወይዘሮ አበበች ከጓዳ ብቅ ብለው ትንሽ ቆጣ ባለ ድምፅ «ምሳ በልታችኋል?» አሉ።

«ኧረ አልበላንም፣ እሜቴ» አልኩ። «ከጠዋት ጀምሮ እህል የሚባል አልቀመስንም።»

አያ ፈንታ መሣቅ ጀመሩ። ድምፅ የሌለው ሣቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ።

«ምነው አያ ፈንታ?»

«ይኸነው፣ ኮሌታህ ላይ ያለው ፍርፋሪ ምንድን ነው?»

«ይሄማ ጸበል ጸዲቅ ነው» አልኩ።

እንዲህ ስል የራሴን ድምፅ ሰማሁት። የሦስት ቤት ዳቦና የሦስት ቤት ጠላ ሆዴ ውስጥ ተቀምጦ፣ ከልቤ፣ ሳልዋሽ፣ እህል አልቀመስኩም ብያለሁ። የኔታ ከመደቡ ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«እኔም እኮ እሱን ነግሬህ አላውቅም» አሉ። «እሱ ምግብ አይደለማ! በረከት ነው።»

«እኔም ጠይቄዎት አላውቅም፣ የኔታ። እሱ ምግብ አይደለማ።»

 ከዚያ ወይዘሮ አበበች «እንግዲህ ምግብ ካልሆነ ቦርጩ ከየት መጣ?» ብለው ወደ ጓዳቸው ተመለሱ። አያ ፈንታ «እኔም አሁን ነው የታየኝ» አሉ። «ብቻ የት እንደዋሉ ብንጠይቃቸው ኖሮ ይነግሩን ነበር።»

ደብተሩን አወጣሁ። የኔታ መነጽራቸውን አደረጉ። እኔ የማክሰኞውን ቀንና ኪሎ አነባለሁ፤ እሳቸው ያንን ሳምንት በቅዱሳኑ ቆጥረው በቃላቸው ይነግሩኛል። «አሥራ ሁለት ሚካኤል፣ ሦስት ቤት። አሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረት፣ ሁለት ቤት። አሥራ ዘጠኝ ገብርኤል፣ የደብሩ አለቃ ዝክር፤ ያን ዕለት ጠላው ጥሩ ነበር። ሃያ አንድ ማርያም... እሱንማ አትቁጠረው።» በወሩ መጀመሪያ፣ ዝክር ሳሳ ሲል፣ ግማሽ ኪሎ ይወርዳሉ። ከአሥራ ሁለት እስከ ሃያ ዘጠኝ የወረደው ይመለሳል። መሪጌታ ናቸውና ከካህናቱ ጋር ይጠራሉ፤ ከዳቦው ወፍራሙ ለእሳቸው ይቆረሳል።

«ይህ እኮ ባሕረ ሐሳብ ነው!» አሉ የኔታ፤ የበዓል መዋያ እንደሚያሰላ ሰው ጣታቸውን እያጠፉ እየዘረጉ። በሽታቸውን ረስተው ነበር።

መጋቢት አራት ላይ ስንደርስ እኔ ማንበብ አቆምኩ። የሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት፣ ወሩም ገና የገባበት። «ያን ሳምንት አንድም ቤት አልተጠራሁም» አሉ። ያን ሳምንት የበሉት እኔ ያዘዝኩትን ብቻ ነበር ማለት ነው። ያዘዝኩት ለአንድ ሰው የማይበቃ ነበር፤ በሌላው ሳምንት ሲያኖራቸው የነበረው ያልጻፍኩት ዳቦ ነው። ሲያወፍራቸውም፣ ሲጠፋ ሲጥላቸውም፣ ያው አንድ ያልጠየቅኩት ነገር።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ተቀምጠን እንደ አዲስ ጀመርን። ምሳው ተመለሰ፤ አንድ እንጀራ ከጎመንና ከሽሮ ጋር፣ ሰዓቱን ጠብቆ። ራቱ ከበፊቱ አንድ ተኩል በግማሽ እንጀራ ብቻ ዝቅ አለ፤ ሰውነታቸው ቀሏልና ስንቁም በዚያው ልክ ይቅለል። የጸበል ጸዲቁ ነገር ግን አከራከረን። እኔ «ይቅርብዎ» ልል አፌን ስከፍት አያ ፈንታ በክርናቸው ነኩኝና ራሳቸው ጠየቁ።

«የኔታ፣ በረከቱ ያለው በስንቱ ላይ ነው? በሙሉው ዳቦ ነው ወይስ በፍርፋሪው?»

«በፍርፋሪውም ሙሉ ነው» አሉ የኔታ ወዲያው። ከዚያ ወዴት እየተወሰዱ እንደሆነ ገብቷቸው ፈገግ አሉ። «ሽማግሌ ተንኮለኛ! እሺ። አውራ ጣቴን የምታህል እቀምሳለሁ፤ ጠላውን አፌን አስነካለሁ፤ የቀረውን በመሐረብ ቋጥሬ ከደጀ ሰላሙ ለሚቀመጡት ዓይነ ስውር እማሆይ እወስዳለሁ። ለቤት ሰው መቋጠር ያለ ነው፤ የሚከፋው የለም።»

እኔ በመጽሐፌ እንዳነበብኩት የሰውነት ማጠንከሪያ አነሣሁ። «መስገድ ይቻላል፤ ጉልበትና ወገብ...»

«ስግደት ለፈጣሪ ነው» ብለው አቋረጡኝ። «ለኪሎ አይሰገድም።»

አያ ፈንታ ጥግ ላይ ወዳለው ቆዳ የለበሰ ወንበር አመለከቱ። «ሲያስተምሩ እዚያ ላይ ነው?»

«ሃያ ዓመት።»

«ይነሣ።»

«ወንበሬን? አስተማሪ ያለ ወንበር?»

«መቋሚያ ያለው ሰው ወንበር ምን ያደርግለታል?»

ወንበሩን ወይዘሮ አበበች ራሳቸው ተሸክመው ወደ ጓዳ አስገቡት። ደስ ብሏቸው እንደነበር አይቻለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኔታ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት ቆመው ነው ያስተማሩት። እበጡ እንዳይገፋ አያ ፈንታ ሰፊ መቀነት እንዴት እንደሚታሰር ለወይዘሮ አበበች አሳዩአቸው፤ ሁለት ጣት ብቻ እስኪገባ። መንገዱንም ቀየርነው። የለመዱትን ዋናውን መንገድ ትተው በታች በኩል ወደ ቀሐ ወርደው አቀበቱን በቀጥታ እንዲወጡ። በመጀመሪያው ሳምንት አራት ጊዜ ቆመው አረፉ። ስንት ጊዜ እንዳረፉ እንዲነግሩኝ ስለጠየቅኳቸው በመቁጠሪያቸው ይቆጥሩ ነበር።

በደብተሬ ላይ አምስተኛ ዓምድ ጨመርኩ። ስሙን ያወጡት የኔታ ናቸው፤ «የማይቆጠር»። ማክሰኞ ሲመጡ ከቁርሱም ከምሳውም በፊት «የኔታ፣ ትናንት የት ዋሉ?» እላለሁ። ከትናንት በስቲያስ? ሰልፉ ረዘመ። ኃላፊያችን በበሩ ብቅ ብለው «ምነው፣ ሥራው ቀዘቀዘ?» አሉ። አያ ፈንታ «አይ፣ ሞቀ» አሏቸው።

በመጀመሪያው ሳምንት ዘጠና አራት።  «ብረቱን መዝነሃል?» አሉኝ አያ ፈንታ። መዝኛለሁ። «እንግዲያ ጠብቅ።» በሁለተኛው ሳምንት ዘጠና ሦስት። በሦስተኛው ዘጠና ሁለት ከሩብ፤ ያውም የግንቦት መድኃኔ ዓለም ባለበት ሳምንት! የኔታ ካርዱን ከእጄ ወስደው እንደ ጸሎት መጽሐፍ ለረጅም ጊዜ ያዙት። በሐምሌ ጭቃው ስለበዛ አቀበቱን በዱላ እየወጡ ቀጠሉ፤ አንዴ እንኳ ተንሸራትተው ጉልበታቸውን ልጠው መጥተዋል። ማረፊያው ከአራት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ ወረደ። አንድ ማክሰኞ «ዛሬ መቁጠሪያዬ ባዶ ነው» አሉኝ። ሳያርፉ ወጥተዋል።

ሌሎችንም ሕመምተኞች እንዲሁ መጠየቅ ጀመርኩ። የቢሮ ሠራተኛው የስብሰባውን ሻይና ብስኩት፣ ወጥ ቤቷ ጨው ስትቀምስ የምትውጠውን፣ ነጋዴው ሰው ያጎረሰውን ጉርሻ፤ ማንም አልዋሸኝም ነበር። ሁሉም የየራሱ የማይቆጠር አለው። በውስጤ የነበረው ቁጣ መቼ እንደለቀቀኝ አላውቅም፤ ብቻ አንድ ቀን ፈለግኩትና አጣሁት።

ሐምሌ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው የኔታ መቋሚያቸውን ሳልጠይቃቸው ሰጡኝ፣ ሚዛኑ ላይ ወጡ። ተንሸራታቹን ብረት ሰማንያ አምስት ላይ አድርጌ ለቀቅኩት። ዘንጉ ትንሽ ተወዛወዘና ቀጥ ብሎ ቆመ። ጻፍኩ። ካርዱን አዞርኩላቸው። አዩት። እንደ ወትሮው ጣሪያውን አላዩም፤ ጥምጣማቸውን ሳያስሩ በእጃቸው እንደያዙ ወደ አያ ፈንታ ክፍል ሄዱና ጉልበታቸውን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። አያ ፈንታ ደንግጠው «ኧረ የኔታ!» እያሉ ወደ ኋላ ሸሹ፤ ፋሻ የሞላ ሳህን ተደፋ።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ቀዶ ሕክምናው ተደረገላቸው። ስፌቱ ያዘ። አያ ፈንታም በዚያው መስከረም ጡረታ ወጡ። ሲሄዱ ብረቱን በርጩማው ሥር ትተውልኝ ሄዱ።

ኅዳር ስድስት ቀን ጠዋት ቁስቋም ሄድኩ። ሰዓት እላፊ ስለነበር ካህናቱ ገና ሳይመሽ ገብተው ነበር ያደሩት። እኔ ስደርስ ፀሐይዋ ወጥታ ከእቴጌዋ ግንብ ፍርስራሽ በላይ ሆናለች። ከሕዝቡ ኋላ ቆሜ በአንገቴ እየተንጠራራሁ አየሁ። የኔታ ከረድፉ መሐል ቆመዋል። ቅንድባቸው ላይ ጠባሳው አለ። መቋሚያቸው ሲነሣ የሁሉም ይነሣል፣ ሲወርድ የሁሉም ይወርዳል። ሰዓቴን አላየሁም፤ በሕይወቴ ካልለካኋቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። እስከ መጨረሻው አልተቀመጡም።

ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ግቢው ውስጥ ዳቦ ይታደል ጀመር። አንዲት ሴት መዳፌን የሚሞላ ወፍራም ቁራሽ ሰጡኝ። ልጎርስ ስል የኔታ በላብ የራሰ ፊታቸውን በነጠላቸው እያበሱ በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም አሉና እጄን አዩት።

«ይኸነው፣ ዛሬ የት ዋልክ?»

«ቁስቋም፣ የኔታ።»

«እንግዲያ መዝግባ!»

አውራ ጣቴን የምታህል ቆርሼ ቀመስኩ። የቀረውን በመሐረቤ ቋጥሬ እማሆይ ወደሚቀመጡበት በር ሄድኩ። የኔታ ቀድመውኝ ደርሰው ነበር።